የሚመዘገበውና የሚጠፋው፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ በንግድ ሥራ ሂደት ውስጥ ያለው ሚና ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ግብይት አንጻር

አጠቃሎ

የመረጃ ቴክኖሎጂ ለንግድ ሥራ የሚሰጠው ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት፣ በወጪ ቅነሳና በትክክለኛነት ይለካል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም አንድ የመረጃ ሥርዓት ስለ ሸቀጡ ምን ይመዘግባል፣ ምንስ ሳይመዘግብ ያልፋል የሚለው ነው። ለማሳያነት የተመረጠው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተካሄደው የቡና ግብይት ነው። ገበያው ደረጃን፣ መጠንን፣ ዋጋንና ክፍያን በአስተማማኝ መዝገብ በማያያዝ የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ስጋት እንዲገበያዩ አስችሏል። በአንጻሩ የቡናው ትክክለኛ መነሻ በመዝገቡ ሰንሰለት ውስጥ ስላልተያዘ መረጃው ብቻ ሳይሆን በመረጃው ሊገኝ ይችል የነበረው ዋጋም አብሮ ቀርቷል። ጽሑፉ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ የመረጃ ሥርዓት ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ የንግድ ውሳኔ መሆኑን ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ፣ የንግድ ሥራ ሂደት፣ ምርት ገበያ፣ ቡና፣ የምርት መነሻ ክትትል

1. መግቢያ

ኮምፒውተር ወደ ንግድ ድርጅቶች ከገባ ወዲህ ስለ ጥቅሙ የሚቀርበው ማብራሪያ ብዙም አልተለወጠም። በእጅ ይሠራ የነበረው ሒሳብ በደቂቃ ይጠናቀቃል፤ በወረቀት ክምር የሚፈለገው ሰነድ ወዲያው ይገኛል፤ በስሌት የሚፈጠረው ስሕተት ይቀንሳል ይባላል። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ያልተሟላ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በየቦታው ቢታይም በምርታማነት አኃዞች ላይ ግን አለመታየቱን ባመለከቱ ጊዜ፣ በርካታ ተመራማሪዎች መሣሪያው በራሱ ለውጥ የሚያመጣ ስላለመሆኑ ማሰብ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶች በአመዛኙ የሚስማሙበት ነጥብ፣ ጥቅሙ የሚገኘው የሥራው አደረጃጀት ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሲለወጥ ነው የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። አንድ ሥራ ወደ መረጃ ሥርዓት ሲገባ ሁሉም ነገር አይገባም። ሥርዓቱ ጥቂት ነገሮችን መርጦ ይመዘግባል፤ ሌሎቹን ይተዋል። የተመዘገበው በፍጥነት ይጓዛል፣ ይታመናል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ያልተመዘገበው ግን ሲጀመር ከውሳኔ ሰጪው ዓይን ይሰወራል፤ ውሎ አድሮም ከገበያው ይወጣል። ስለዚህ የመረጃ ቴክኖሎጂ በንግድ ሥራ ውስጥ ያለውን ሚና ለመገምገም ፍጥነቱን መለካት ብቻውን አይበቃም።

ይህን ለማሳየት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተመርጧል። ምክንያቱም ሥርዓቱ በአገሪቱ ከተዘረጉት የግብይት መረጃ ሥርዓቶች መካከል ሰፊው በመሆኑ፣ በሕግ የተደገፈ በመሆኑና ትርፉም ጉዳቱም በአንድ ሸቀጥ ላይ በግልጽ ሊታይ የሚችል በመሆኑ ነው። ጽሑፉ የተመሠረተው በወጡ ሕጎች፣ ስለ ገበያው አሠራር በይፋ በሚታወቀው መረጃና በታተሙ ጥናቶች ላይ ሲሆን፣ ከውጭ አገር ጋር የተያያዙ ዓመታት እ.ኤ.አ. ተብለው ተለይተዋል።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ፍሬድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ የኢኮኖሚ ዋናው ችግር እውቀት በአንድ ሰው እጅ አለመሆኑ፣ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ መገኘቱ ነው ሲል ያስረዳል። አንድ ገበሬ ስለ ማሳው፣ አንድ ነጋዴ ስለ መንገዱ፣ አንድ ገዢ ስለ ደንበኛው የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። እንደ ሃየክ አመለካከት ይህን የተበታተነ እውቀት አሳጥሮ የሚያስተላልፈው ዋጋ ነው። ዋጋ ግን መልእክቱን የሚያሳጥረው ዝርዝሩን በመጣል መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ጆርጅ አከርሎፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጥራት ገዢ ማወቅ ካልቻለ ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ ዕቃ የያዘው ሻጭ በዚህ ዋጋ አይጠቀምምና ከገበያው ይወጣል፤ በመጨረሻም የሚቀረው ዝቅተኛው ዕቃ ይሆናል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጥራትን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚገልጽ ሥርዓት የገበያው ሕልውና ጉዳይ ነው።

ከመስክ የተገኙ ማስረጃዎችም አሉ። ሮበርት ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት በሕንድ የኬረላ ግዛት ዓሣ አጥማጆች ተንቀሳቃሽ ስልክ መጠቀም ሲጀምሩ በተለያዩ የባሕር ዳርቻ ገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት በእጅጉ መጥበቡን፣ የአጥማጆቹ ትርፍ በአማካይ 8 በመቶ ሲጨምር ለሸማቹ ዋጋው 4 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ጄኒ አከርም እ.ኤ.አ. በ2010 በኒጀር የእህል ገበያዎች ላይ ባሳተመችው ጥናት የዋጋ ልዩነቱ ከ10 እስከ 16 በመቶ መቀነሱን አመልክታለች። ሆኖም በኢትዮጵያ ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ስልክ ያላቸው ገበሬዎች ቢኖሩም ለገበያ መረጃ ፍለጋ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች መሆናቸውን፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት በስልክ የሚገኝ ጠቃሚ መረጃ ማነሱ እንደሆነ ገልጸዋል። የኬረላው አጥማጅ ስልክ ሲደውል የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነበር፤ ዓሣውም በዓይን የሚታይ ሸቀጥ ነበር። ጥራቱ በዓይን ለማይለይ ሸቀጥ ግን ከስልኩ በፊት ሊቀድሙ የሚገቡ ሥራዎች አሉ።

3. ከምርት ገበያው በፊት የነበረው አሠራር

የምርት ገበያው መሥራችና የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን፣ ገበያው ከመቋቋሙ በፊት በኢትዮጵያ የእህል ንግድ ላይ ባካሄዱት ጥናት የደላላን ሚና በሰፊው መርምረዋል። በዚያ አሠራር አንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ በአዲስ አበባ ገዢ ለማግኘት በሚያምነው ደላላ ላይ ይመካ ነበር። ደላላው የመረጃ ቋት፣ የጥራት መርማሪና የክፍያ ዋስ ሆኖ በአንድ ጊዜ ያገለግል ነበር። አሠራሩ የራሱ ጥበብ ነበረው፤ ወሰኑም እዚያው ነበር። እምነት በትውውቅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ነጋዴው ከማያውቀው ሰው ጋር ለመገበያየት ይቸገራል፤ መረጃውም የሚገኘው በሰው ልብ ውስጥ እንጂ ሌላው ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ አልነበረም።

የቡና ንግድ ከእህሉ ይለይ ነበር። ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በመንግሥት በሚመራ ጨረታ ይሸጥ ስለነበር ደረጃና ቁጥጥር ነበረው። አቅራቢው ቡናውን ጭኖ ወደ ማዕከሉ ያመጣል፤ ናሙናው ታይቶና ተቀምሶ ላኪዎች ይጫረታሉ። በዚህ አሠራር ገዢው የሚገዛው የአንድን አቅራቢ የተለየ ጭነት ነበር። አሠራሩ አዝጋሚና ለአቅራቢው ስጋት የበዛበት ነበር፤ ሸቀጡ ሳይሸጥ በመኪና ላይ ሊሰነብት፣ ክፍያውም ሊዘገይ ይችል ነበርና። የጭነቱ ማንነት ግን እስከ ሽያጩ ድረስ ከቡናው ጋር ይጓዝ ነበር። ይህ ነጥብ በኋላ ለሚነሣው ጉዳይ መሠረት ነው።

4. ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ሲሆን ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 551/1999 ተመሥርቷል። የመጋዘን ደረሰኝን ሕጋዊ ሰነድ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ግብይት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሲጀመር የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000ን ተከትሎ ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያው ገባ።

ሂደቱ በአምስት ደረጃዎች ሊታይ ይችላል። በመጀመሪያ አቅራቢው ቡናውን በአካባቢው ወደሚገኝ መጋዘን ያደርሳል፤ እንደ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ጅማ፣ ቦንጋ፣ ጊምቢና ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች እንዲህ ያሉ መጋዘኖች ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ከጭነቱ ናሙና ተወስዶ የባለቤቱ ስም በማይታይበት ኮድ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል። በዚያም ጥሬው ቡና ተመርምሮ፣ ተቆልቶና ተፈልቶ ይቀመሳል፤ ከጠቅላላው ነጥብ 40 በመቶው ለጥሬው ቡና፣ 60 በመቶው ለቅምሻው ይያዛል። ሦስተኛ፣ የቡናው ዓይነት፣ አካባቢና ደረጃ ተጠቃሎ ውጤቱ ሲታወቅ ቡናው ተመዝኖ ወደ መጋዘን ይገባል፤ አቅራቢውም በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ የሚሰፍር የመጋዘን ደረሰኝ ያገኛል። አራተኛ፣ ሽያጩ ቡናው ባለበት ሳይሆን አዲስ አበባ በሚገኘው የግብይት ወለል ይካሄድ ነበር። አምስተኛ፣ ገዢው አስቀድሞ በባንክ ካስያዘው ገንዘብ ላይ ክፍያው ግብይቱ በተፈጸመ ማግስት ወደ ሻጩ ሒሳብ ይተላለፋል፤ የደረሰኙ ባለቤትነትም ወደ ገዢው ይዛወራል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገበያው ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ግብይቱ የሚካሄደው በድምፅ ጥሪ ነበር። ሻጭና ገዢ በወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋ እየተጠራሩ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ይማቱ ነበር። በኮምፒውተር የሚካሄድ ግብይት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የሥርዓቱ ዋና ጥቅም ቀድሞም ተገኝቷል። ምክንያቱም የመረጃ ቴክኖሎጂው ከባዱን ሥራ የሠራው ሰው በሚያየው ወለል ላይ ሳይሆን ከበስተጀርባው በነበረው የመጋዘን መዝገብ፣ የሒሳብ ማወራረጃና ከባንኮች ጋር በተዘረጋው ትስስር ነበር። እጅ ለእጅ የተማቱት ሁለት ሰዎች አንዳቸው ሌላውን ማወቅ ያላስፈለጋቸው፣ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቡና በእርግጥ በመጋዘን እንዳለና ገንዘቡም በእርግጥ በባንክ እንደተያዘ መዝገቡ ስለሚያረጋግጥላቸው ነው። የመዝገቡ እውነተኛነት ደግሞ በተራው የሚመካው በሚዛን ሠራተኛውና በቀማሹ ላይ ነው። የተሳሳተ ደረጃ ወደ ኮምፒውተር ቢገባ ኮምፒውተሩ ስሕተቱን በፍጥነት ከማሠራጨት በቀር ሊያርመው አይችልም።

5. የተገኘው ጥቅም

ሥርዓቱ በንግዱ ሂደት ላይ ያመጣው ለውጥ በሦስት መልክ ይገለጻል። አንደኛው የክፍያ እርግጠኝነት ነው። በትውውቅ በሚካሄድ ንግድ ሻጩ ሸቀጡን አስረክቦ ገንዘቡን የሚጠብቅበት ጊዜ ራሱ ወጪ ነው፤ የተጠበቀው ገንዘብ ሊቀር የሚችልበት ስጋትም በዋጋው ላይ ይታሰባል። ክፍያው በማግስቱ የሚገባ ከሆነ ነጋዴው ያንኑ ካፒታል በአንድ ወቅት ደጋግሞ ማንቀሳቀስ ይችላል።

ሁለተኛው የዋጋ ግልጽነት ነው። የዕለቱ ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በስልክ የድምፅ አገልግሎትና በመገናኛ ብዙኃን መተላለፉ ሰብሳቢው ለገበሬው የሚነግረውን ዋጋ የማመሳከር ዕድል ፈጥሯል። ዕድሉ ግን ገደብ አለው። ሰሌዳው የሚያሳየው ተፈልፍሎ ወይም ተቀሽሮ የቀረበ ቡና በደረጃ የተሸጠበትን ዋጋ ነው፤ ገበሬው የሚሸጠው ደግሞ እሸት ቡና ወይም ጀንፈል ነው። ከእሸቱ እስከ ደረጃው ያለውን ስሌት ያልያዘ መረጃ ለገበሬው ግማሽ መረጃ ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የስልክ ጥናት የደረሰበት ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው የማይታወቅ ሰው መገበያየት መቻሉ ነው። በናሙናው ላይ ስም አለመጻፉ ታላቁን ነጋዴና ትንሹን አቅራቢ በአንድ ቅምሻ ፊት ያቆማል። አከርሎፍ የገለጸው ችግር፣ ማለትም ጥሩ ዕቃ የያዘ ሰው በአማካይ ዋጋ መጎዳቱ፣ በደረጃ ልዩነት መጠን ይቃለላል። እዚህ ላይ የአነጋገሩ ጥንቃቄ ሆን ተብሎ ነው፤ ችግሩ የሚቃለለው ደረጃው በሚለየው ልክ ነውና። ከደረጃው በታች ያለው ልዩነት ግን በአማካይ ውስጥ ይዋጣል። በተጨማሪም በእነዚህ ዓመታት የዓለም የቡና ዋጋና የብር ምንዛሪ እጅግ የተለዋወጡ በመሆናቸው፣ ለገበሬው የደረሰውን የዋጋ ለውጥ በሙሉ ለሥርዓቱ መስጠት ወይም ከሥርዓቱ መንሣት ትክክል አይሆንም።

6. የጠፋው መረጃ

ደረሰኝ ለግብይት እንዲመች ሸቀጡ አንዱ በሌላው የሚተካ መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ ዓይነት፣ አንድ አካባቢና አንድ ደረጃ ያገኙ ቡናዎች እንደ አንድ ተቆጠሩ። ገዢው የሚረከበው የገዛውን መጠንና ደረጃ የሚያሟላ ቡና ነው እንጂ የአንድን የተወሰነ አቅራቢ ጆንያ አይደለም። የአስረካቢው ስም በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ቢኖርም ከጆንያው ጋር ያያያዘው ክር በዚህ ነጥብ ላይ ይበጠሳል።

ለአብዛኛው ቡና ይህ ጉዳት አያስከትልም። ከተለያዩ አገሮች ጋር ተቀላቅሎ ለሚቆላ ቡና የሚፈለገው ወጥ ደረጃ ነው። ለልዩ ጣዕም ቡና ገዢዎች ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። እነዚህ ገዢዎች ቡናው የተፈለፈለበትን ጣቢያ፣ የቀበሌውን ስም፣ አንዳንዴም የገበሬውን ማንነት ለማወቅ ይሻሉ፤ ለዚያም ተጨማሪ ይከፍላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ያንኑ ቡና ለመግዛት ይፈልጋሉና የቡናው አድራሻ ለእነርሱ የሸቀጡ አካል ነው። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ ከውጭ ገዢዎች የተሰማው ቅሬታም ያተኮረው በዚሁ ላይ ነበር። በአዋጁ መሠረት በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ራሳቸው አምርተው የሚልኩ እርሻዎች ይህን መረጃ ይዘው መቀጠል ችለዋል፤ በግል ሰብሳቢና አቅራቢ በኩል የሚሸጠው ገበሬ ግን በደረጃው ስም ውስጥ ተጠቃልሏል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ጊዜው ነው። ምርት ገበያውን ያቋቋመው አዋጅ በወጣበት በዚያው 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ባካሄደችው ጥረት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳ ነበር። በአንድ በኩል አገሪቱ የቡናን ስም ሀብት መሆኑን ለዓለም ስታስረዳ፣ በሌላ በኩል የተዘረጋው ሥርዓት ከአካባቢው ስም በታች ያለውን ማንነት ለመመዝገብ ቦታ አልነበረውም። ይህ በሁለት ተቋማት መካከል የተፈጠረ ክፋት አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ጥያቄ መልሷል። የንግድ ምልክቱ ስለ ስም ጠየቀ፤ ምርት ገበያው ስለ እምነትና ፍጥነት ጠየቀ። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ግን አልነበረም።

ለሥርዓቱ ነዳፊዎች ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የመፈልፈያ ጣቢያ ቡና ለብቻው ቢሸጥ ኖሮ ገበያው በጥቃቅን ሸቀጦች ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ገዢና ሻጭ መሳሳቱ አይቀርም ነበር። ቡናን ለያይቶ ማከማቸትም ሰፊ መጋዘን ይጠይቃል። ስለዚህ ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። ጥፋቱ ምርጫው የመለያ መረጃውን ከግብይቱ መለየት ሲችል ሁለቱን አብሮ መጣሉ ላይ ነው። ሸቀጡን በደረጃ መሸጥና የሸቀጡን አድራሻ መጠበቅ ሁልጊዜ የሚጋጩ አይደሉም፤ በጆንያ ላይ የሚለጠፍ መለያ ቁጥር ቢያንስ ከሻጩ እስከ ገዢው ያለውን ክር ሊያቆይ ይችል ነበርና።

የመረጃው መጥፋት ወደ ገበሬው የሚመለሰውን መልእክትም አሳጥቷል። ቀይ ቡና ብቻ ለቅሞ፣ በአልጋ ላይ በጥንቃቄ አድርቆ የሸጠ ገበሬ ጥረቱ ደረጃውን ካላሻገረው ከጎረቤቱ የተለየ ዋጋ አያገኝም። ቅምሻው ላይ የተገኘው በጎም ሆነ ነቀፋ ያለበት ውጤት ወደ ማሳው የሚመለስበት መንገድ የለም። ሃየክ እንዳለው ዋጋ መልእክት ከሆነ፣ ይህ መልእክት የተላከለትን ሰው አድራሻ ያጣ ደብዳቤ ሆኗል ማለት ነው።

7. የጠፋውን መረጃ መልሶ መፈለግ

ምርት ገበያው ራሱ ችግሩን ተገንዝቦ የቡናን መነሻ በጆንያ ላይ በሚደረግ መለያ ለመከታተል የሚያስችል አሠራር ለመዘርጋት ሞክሯል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ አማራጭ የግብይት መንገዶችን በማስፋቱ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት አሠራር እየተለመደ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ካፕ ኦቭ ኤክሰለንስ በተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ጥራት ውድድር ስትሳተፍ አሸናፊው ቡና በበይነ መረብ በተካሄደ ጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ180 የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጧል። ይህ ዋጋ ለጥቂት ጆንያ ብቻ የተከፈለ በመሆኑ የገበያው መለኪያ ሊሆን አይችልም። የሚያስተምረው ግን አለ፤ ጨረታውን የተሸከመው ቴክኖሎጂ የገበሬውን ስምና የቡናውን ቦታ የሚጠብቅ ነበር። ሁለቱም የኤሌክትሮኒክ ግብይቶች ሲሆኑ፣ የሚለያቸው የመዘገቡት ነገር ነው።

አሁን ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው፣ ከደን ጭፍጨፋ ነጻ ስለሆኑ ምርቶች የሚደነግገው ደንብ ቁጥር 2023/1115 ነው። በደንቡ መሠረት ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ ያልተመረተ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ የመልክዓ ምድር መገኛ ነጥብ ይጠየቃል። ከ4 ሔክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ወሰኑ በሙሉ መቅረብ ይኖርበታል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም የሚጠይቀው መረጃ ዓይነት ግልጽ ነው። ቀድሞ ለተጨማሪ ዋጋ ይፈለግ የነበረው የቡና አድራሻ አሁን ወደ ገበያው ለመግባት ቅድመ ሁኔታ እየሆነ ነው።

የኢትዮጵያ ቡና በአብዛኛው የሚመረተው በአነስተኛ ማሳ ላይ ባሉ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ነው። የእያንዳንዱን ማሳ ነጥብ በስልክ መመዝገብ በቴክኒክ ረገድ አዳጋች አይደለም። ከባዱ ሥራ ያ ነጥብ ከገበሬው እስከ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው እስከ መፈልፈያ ጣቢያው፣ ከዚያም እስከ መጋዘኑና እስከ ላኪው ሳይበጠስ እንዲደርስ የሥራውን ሂደት ማደራጀት ነው። የመፈልፈያ ጣቢያው በአንድ ሌሊት ከብዙ ገበሬዎች የተረከበውን እሸት በአንድ ገንዳ የሚያጥብ ከሆነ ክሩ የሚበጠሰው ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይህ ሥራ ሳይከናወን ቢቀር ሸክሙን የሚሸከመው ማሳው ያልተመዘገበለት ገበሬ ይሆናል፤ ደን ባይመነጥርም አለመመንጠሩን የሚያስረዳለት መዝገብ የለውምና።

8. ለሌሎች ድርጅቶች የሚሆን ትምህርት

ከዚህ የተገኘው ትምህርት በቡና ላይ አይወሰንም። ለምሳሌ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ክምችቱን በመድኃኒቱ ስምና በብዛት ብቻ ቢመዘግብ የዕለት ሽያጩ ይፋጠናል፤ የሒሳብ ሚዛኑም ይገጥማል። አንድ ቀን ከአንድ የምርት ክፍል የወጣው መድኃኒት እንዲሰበሰብ ትእዛዝ ቢመጣ ግን የትኛው ብልቃጥ ወደ የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሄደ ማወቅ አይችልም። የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በደቂቃዎች ይመለስ ነበር። ጉድለቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አይታይም፤ ሥርዓቱ የተጠየቀውን ሁሉ በትክክል ሲመልስ ኖሯልና።

ስለዚህ አንድ ድርጅት የመረጃ ሥርዓት ከመግዛቱ ወይም ከማሠራቱ በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢመልስ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ ስለ ሸቀጡ ወይም ስለ አገልግሎቱ ምን ምን ይታወቃል፣ የሚያውቀውስ ማን ነው? ሁለተኛ፣ ከዚህ እውቀት ውስጥ የትኛው ወደ መዝገቡ ይገባል፣ የትኛውስ በየትኛው ደረጃ ላይ ይቀራል? ሦስተኛ፣ የሚቀረው መረጃ ከዓመታት በኋላ ቢፈለግ መልሶ ማግኘት ይቻላል ወይስ ከሸቀጡ ጋር ይደባለቃል? አራተኛ፣ ከመዝገቡ የሚገኘው ውጤት ወደ ማን ይመለሳል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለፕሮግራም ሠሪ የሚተዉ አይደሉም። ፕሮግራም ሠሪው የተሰጠውን ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ይለውጣል፤ በቅጹ ላይ የሌለውን ዓምድ ግን ከየት ያመጣዋል? ዓምዱ መኖር እንዳለበት የሚያውቁት በመጋዘን የሚመዝነው፣ በጠረጴዛ የሚቀምሰው፣ ከገዢ ጋር የሚደራደረውና በማሳው ላይ የሚለቅመው ሰው ናቸው። ሁሉንም መመዝገብ እንደማይቻልም ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ መረጃ የሰው ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። ቁም ነገሩ የሚተወው ሲተው ታውቆና ተመክሮበት እንዲሆን ነው።

9. ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ግብይት የመረጃ ቴክኖሎጂ በንግድ ሥራ ውስጥ ሁለት ተግባራትን በአንድ ጊዜ እንደሚያከናውን ያሳያል። ደረጃን፣ ክምችትንና ክፍያን በአስተማማኝ መዝገብ በማያያዙ እምነት ከትውውቅ ወሰን ወጥቶ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እንዲዘረጋ አድርጓል። ይህም የተገኘው የግብይት ወለሉ በኮምፒውተር ከመተካቱ በፊት፣ የሥራው ሂደት ከሥሩ በመለወጡ ነው። በሌላ ወገን ሥርዓቱ የቡናውን አድራሻ በመዝገቡ ሰንሰለት ውስጥ ስላላካተተ መረጃው ከሸቀጡ ጋር ተደባልቆ ጠፍቷል፤ አሁን መልሶ ለማግኘት የሚጠየቀው ዋጋም በመጀመሪያ ለመጠበቅ ይጠየቅ ከነበረው ይበልጣል።

ለወደፊት ምርምር ሁለት ጉዳዮች ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው በመፈልፈያ ጣቢያ ደረጃ የገበሬዎችን እሸት ሳይለያዩ የማሳ መረጃን በቡድን መጠበቅ የሚቻልበት አሠራር ነው። ሁለተኛው የቅምሻ ውጤት ወደ ገበሬው ቢመለስ በሚቀጥለው ወቅት ጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። ሁለቱም የሚጠናው በኮምፒውተር ክፍል ሳይሆን እሸቱ በሚመዘንበት ቦታ ነው።